የገና ሜዳው ድንጋይ

በገና ሜዳ ላይ ስድብ መዋጥ የማይችል ሰው ሹመት አይቀበል። ይህን የምለው ተናድጄ ነው። ነገሩ ከሆነ ስንት ዓመት አልፎታል፣ እኔም ጢሜ ሸብቷል፣ ንዴቴ ግን አልበረደልኝም። ዛሬ የምነግራችሁ ለምን እንዳልበረደልኝ ነው።

የሰፈሬን ስም አልጠራም፤ የሚመለከታቸው ሰዎች ልጆች አሁንም እዚያው ይኖራሉ። ከሞላሌ በእግር ግማሽ ቀን የምታስኬድ፣ ገብስና በግ የማይጠፋባት፣ ውርጩ ጆሮ የሚቆርጥባት የመንዝ ትንሽ ከተማ ናት ብላችሁ ያዙልኝ። ከተማዋ ለሁለት ትከፈላለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ላይ ሠፈር ነው፣ ከበታቹ ያለው ታች ሠፈር። እኛ ታች ሠፈሮች ነን። በመካከላችን ጨፌ የምንለው ሰፊ ሜዳ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ መስመሩን የሚያሳይ ትልቅ ድንጋይ ተቀምጧል። በየዓመቱ የገና ዕለት፣ ጾም ተፈቶ ሆድ ከሞላ በኋላ፣ የሁለቱ ሠፈር ወንዶች ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው እዚያ ይገናኛሉ። ሩሯን፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ኳስ፣ ከተቃራኒው ድንጋይ ያሳለፈ ያሸንፋል።

ጨዋታው መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም። የአያቴ ሁለት ጥርስ የወለቀው በዚያ ሜዳ ነው፤ የአያቴ አባት ደግሞ እስኪሞት ድረስ ያነክስ የነበረው በዚያው ሜዳ ምክንያት ነው። ዋንጫ የለው፣ መዝገብ የለው። ታሪኩ የሚታወሰው በስድብ ነው። ያሸነፈው ወገን ተሰልፎ የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ግጥሟ ካማረች ደግሞ ሰውየው ሞቶም እሷ አትሞትም። በእንትና ዘመን ማን አሸነፈ ብላችሁ ሽማግሌ ብትጠይቁ ዓመተ ምሕረት አይነግራችሁም። ስድቧን ያወርድላችኋል፣ ከስድቧ ውስጥ አሸናፊውን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ለምሳሌ የላይ ሠፈር አለቃ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ቁመታቸው እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ፣ ድምፃቸው ከጨፌ ማዶ የሚሰማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አንድ ዓመት ሩሯን ስተው መሬት ቢመቱ አባቴ እንዲህ አላቸው፤

የላይ ሠፈር አለቃ፣ ምንድን ነው ሕመሙ?
ሩሯ ወዲያ ስትሄድ ወዲህ ነው ቅልጥሙ።

አለቀ። ጋሽ ወልዴ ከዚያ በኋላ አግብተው፣ ወልደው፣ ልጅ ድረው እንኳ ከቅልጥማቸው አልተላቀቁም። ገበያ ሲወጡ ሕፃናት ከኋላቸው ይሏታል። እሳቸው ግን ከአባቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፣ አንዳቸው የሌላውን ልጅ ክርስትና አንሥተዋል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለዚህ ነው። ያን ዕለት ጭሰኛ ባለርስቱን፣ አሽከር ጌታውን፣ ምራት አማቷን በግጥም ትናገራለች፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የተሰደበ ሰው አኩርፎ ቢገኝ ነውሩ የእሱ ነው።

ደርግ እንኳ ይህን ያውቅ ነበር። በእህል ኮታ ዘመን አንድ የታች ሠፈር ጎረምሳ የያኔውን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ፊት ለፊት ቆሞ፣

ኮታ ኮታ ሲሉን ጎተራው ጎደለ፣
የሊቀመንበሩ ቦርጭ ጎተራ አከለ።

ብሎ ሰደበው። ያ ሊቀመንበር መሣሪያ የታጠቀ፣ ሰው ያሳሰረ ሰው ነበር። ቦርጩን ይዞ ሳቀ፣ ወደ ቤቱም ገባ። ይህን ስድብ ያዙልኝ፤ ሰዳቢውንም ያዙልኝ። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ሲገባ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆኖ የተሾመው ያው ጎረምሳ ነው።

እኔ ያኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ በተወለድኩባት ከተማ አራተኛ ክፍል የማስተምር፣ ደመወዝና ጠመኔ የማይበቃኝ ወጣት ነበርኩ። ለታች ሠፈር እጫወታለሁ። በሩጫ አልታማም፣ ዋናው ሥራዬ ግን ግጥም ማውረድ ነው፤ ከአባቴ የወረስኩት ርስት ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ከብዙ ሽንፈት በኋላ አሸነፍን። ደምሴ የሚባል የሠፈራችን ልጅ፣ የቀበሌው ታጣቂ፣ ጠመንጃውን ለሚስቱ አስይዞ ሲጫወት ውሎ ሩሯን ከላይ ሠፈር ድንጋይ አሻገራት። ሆ! አልን። ተሰለፍን። ጋሽ ወልዴ እንደ ደንባቸው ከፊት ቆመው ደረታቸውን ነፉ፤ «ኑ እስቲ፣ ምን ይዛችኋል?» አሉ። ቅልጥማቸውን አነሣን፣ ሳቁ። የልጃቸውን ሰርግ አነሣን፣ ሳቁ። ከዚያ ዓይኔ ከሜዳው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ካፖርት ለብሶ በተቀመጠው ሊቀመንበር ላይ አረፈ። የመሬት ድልድል ያለቀው በቅርቡ ነው። ለማን ምን እንደደረሰ የማያውቅ አልነበረም፤ የምንጩ ሥር ለም መሬት ለማን እንደደረሰም እንዲሁ። አፌ ቀደመኝ።

ሊቀመንበራችን መሬቱን ሲለካ፣
ገደሉ የኛ ነው ሜዳው የሱ ለካ!

ሜዳው በአንድ አፍ ተቀበለኝ። ላይ ሠፈሮች እንኳ፣ ተሸናፊዎቹ፣ ከእኛ ጋር ተቀበሉ። ሊቀመንበሩን አየሁት። ፈገግ ብሏል፤ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ ፈገግ ብሏል። ጨዋታ ነው አልኩና ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ደምሴ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ ቆሟል። ትናንት በስሕተት ቅልጥሙን መትቼው ነበርና አንድ እግሩን አንሥቷል።

«እንዴት አደርክ ደምሴ፣ ቅልጥምህ ተሻለህ?»

«አበጠ» አለና ዓይኑን ሰበረ። «ትፈለጋለህ፣ መምህር። ታዝዤ ነው።»

«ማን ነው የፈለገኝ?»

«አታውቅም እንዴ? ሜዳው የሱ ለካ ያልከው ነዋ።»

ሳቅኩ። ደምሴ አልሳቀም። እሱ እያነከሰ፣ እኔ እየጠበቅኩት፣ ቀበሌ ደረስን። ሊቀመንበሩ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ቁጭ በል አላለኝም።

«መምህር፣ የተማረ ሰው ነህ ብለን ነበር።»

«ምን አጠፋሁ?»

«እኔን እንደ ግለሰብ ብትሰድበኝ ግድ የለኝም። አንተ ግን የመሬት ድልድሉን ነው የተቃወምከው። ይህ የመንግሥት ፖሊሲ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ፀረ ሰላም ቅስቀሳ አድርገሃል።»

«የገና ጨዋታ ነበር እኮ! እርስዎስ በዚሁ ሜዳ...»

«ያ የፊውዳል ባህል ነው» ብሎ አቋረጠኝ። «ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ሕዝብ ባለበት፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ወይ ነገ ለወረዳ ፖሊስ አስረክብሃለሁ፤ ያኔ እንኳን ማስተማር ጠመኔም አትነካም።»

ድንጋይ መሸከም ምን ማለት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሰው የገደለ ነው፣ ወይም ደም ሊያፋስስ የደረሰ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ እግር ሥር የሚወድቅ። በስድብ፣ ያውም በገና ስድብ ድንጋይ የተሸከመ ሰው አይቼም ሰምቼም አላውቅም። አላደርገውም አልኩ። ደምሴ ወስዶ ቆለፈብኝ።

የተቆለፈብኝ በደርግ ጊዜ የኮታ እህል ይከማችበት የነበረው ቤት ነው። ወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሁንም የገብስ ፍሬ አለ። እዚያ ቁጭ ብዬ «ጎተራ አከለ» የሚለው ግጥም ትዝ አለኝና ብቻዬን ተንገበገብኩ። ያንን ግጥም ያወጣ አፍ ነው ዛሬ ፊውዳል የሚለኝ!

ከሰዓት በኋላ አባቴ፣ አባባ የምንለው፣ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና ይዞልኝ መጣ። ደምሴ በሩን ገርበብ አድርጎ ዞር አለልን። አባባ ስድሳን የተሻገረ፣ በሠፈሩ ዳኛ ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ባናውን አልብሶኝ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ይቅርታ በል ልጄ።»

«ምን አጠፋሁ አባባ?»

«ምንም።»

«ታዲያ?»

«ምንም ያላጠፋ ሰውም ይቅርታ ይላል። እኔ በሦስት መንግሥት ስንቱን ብያለሁ።»

«በሌላ ነገር ቢሆን እል ነበር። በገና ስድብ ይቅርታ ካልኩ ግን በደል ነበር ማለት ነው። በደል ከሆነ ደግሞ ከእንግዲህ ማን አፉን ይከፍታል?»

ከወለሉ አንድ የገብስ ፍሬ አንሥቶ በጣቶቹ አሸት አሸት አደረጋት።

«ግጥሟ ግን» አለ ሲነሣ፣ «ጥሩ ናት።»

በነጋታው እሑድ ነበር። ቅዳሴ እንደወጣ ሕዝቡ ወደ ጨፌ እንዲሄድ ታዘዘ። ደምሴ እኔን ይዞኝ ወጣ። ሊቀመንበሩ ከታች ሠፈር መስመር ድንጋይ አጠገብ ወንበሩን አስቀምጦ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል። ከጎኑ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ የሚያዩት መሬቱን ነው። ከተማው ሁሉ፣ ላይ ሠፈርም ታች ሠፈርም፣ ዙሪያውን ከቦ ይጠብቃል። ያስተማርኳቸው ልጆች ከፊት ተደርድረዋል።

«እህ፣ መምህር?» አለ ሊቀመንበሩ የመስመሩን ድንጋይ በጫማው ነካ እያደረገ። «ይኸው፣ ሩቅ አትሄድም።»

«አልሸከምም።»

«ደምሴ፣ መኪናው ሲመጣ ወደ ወረዳ ይሄዳል።»

ያኔ ከሰዉ መካከል አባባ ወጣ። ጋቢውን አውልቆ ለእኅቴ ሰጣት። ማንንም ሳያይ ወደ ድንጋዩ ሄደ፣ ጎንበስ አለ፣ አቅፎ አነሣውና በጫንቃው ላይ ጫነው። እግሮቹ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። ልሮጥ ስል ደምሴ ክንዴን ያዘኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ አባባ። «ግጥም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ከላይ ሠፈር በኩል ያ የማውቀው ድምፅ ፈነዳ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!»

ጋሽ ወልዴ ናቸው። ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መጡና ሊቀመንበሩና አባባ መካከል ቆሙ።

«እኔ በዚህ ሜዳ ላይ ስሰደብ ነው ፀጉሬ የሸበተ! ይኸው ይኼ ድንጋይ የተሸከመው ሰውዬ ቅልጥሙ ብሎ ሰድቦኝ፣ የልጅ ልጆቼ እቤቴ ውስጥ ይሉብኛል! ማነው ለእኔ ድንጋይ የተሸከመልኝ? ካሳ ከተጀመረማ ቀድሜ የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ሊቀመንበር፣ ተነሥና ወረፋ ያዝ!»

አንድ ሰው ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ሊቀመንበሩ ቆመ።

«አባት፣ ይህ የመንግሥት ጉዳይ ነው።»

«የምን መንግሥት? የደርጉን ሊቀመንበር ጎተራ አከለ ስትለው እኔ እዚህ አልነበርኩም? ስቆ አይደለም ወይ ያለፈህ? ድንጋይ አሸከመህ?»

«ያ ጨቋኝ ሥርዓት ነበር። አሁን ያለው የሕዝብ መንግሥት ነው።»

«የሕዝብ ከሆነማ ሕዝብ ይስደበው!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ወልዴ ዞር ብለው ድንጋዩን ከአባባ ጫንቃ ላይ አነሡት፣ በሁለት እጃቸውም ደረታቸው ላይ ያዙት። አለቀ፣ አሸነፍን አልኩ በልቤ። የምታነቡት እናንተም እንዲሁ ብላችሁ ይሆናል። ግን መሣሪያ የያዘ ሰው በሳቅ የሚሸነፈው ማፈር ሲችል ነው። ያኛው ያፍር ነበር። ይኼኛው አላፈረም።

«አንተ ሽማግሌ!» አለ አባባን። አንተ አለው፤ በልጅነቱ ጉልበቱን ስሞ ያደገውን ሰው፣ በልጆቹ ፊት፣ አንተ አለው። «ትሸከማለህ አትሸከምም? ልጅህን ትፈልገዋለህ አትፈልገውም?»

ሳቁ ቆመ። አባባ ወደ ጋሽ ወልዴ እጁን ዘረጋ።

«አምጣው ወልዴ።»

«አልሰጥህም።»

«ልጄ ነው፣ ወልዴ። አምጣው።»

ጋሽ ወልዴ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ድንጋዩን ራሳቸው መልሰው ጫኑለት። ሊቀመንበሩ ቁጭ አለ። አንድ እግሩን በሌላው ላይ አነባበረ። አባባን እዚያው ፊቱ አቁሞ፣ ሰዓቱን አየ፣ ከጸሐፊው ጋር ስለ ማዳበሪያ አወራ፣ ደግሞ ሰዓቱን አየ። ባህላችን ተበዳይ ሲለመን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ፈጥኖ ድንጋዩን ማውረድ ነው። እሱ አላለም። ሲበቃው «ጣለው» ብቻ ብሎ ተነሥቶ ሄደ።

እንደ ሰው መፈታቴ ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር። ወደ ቤት ስንወርድ ግን ከአባባ ኋላ ኋላ ነበር የሄድኩት። ጫንቃው ተልጦ ደም ሸሚዙ ላይ ወጥቷል። እኅቴ በሙቅ ውኃ ስታጥብለት «ድንጋዩ ከበድ አለኝ፣ አርጅቻለሁ» አለ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። የሐዘን ለቅሶ አልነበረም፤ በንዴት ነው ያለቀስኩት።

ብዙም ሳይቆይ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ መርሐ ቤቴ ቆላ፣ ጀማ ወንዝ አቅራቢያ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወርኩ። በተወለድኩባት ከተማ ዳግመኛ አላስተማርኩም። ይቅርታው ዝውውሩን እንኳ አላስቀረልኝም ማለት ነው።

አንባቢዎቼ፣ ስለ አንድ ግጥም ይህን ያህል ምን አንገበገበህ ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ የገና ጨዋታ በከተማ ስታዲየም በማሊያ ሲጫወቱት አያለሁ። ድምፅ ማጉያ አለ፣ ዋንጫ አለ፣ አስተዋዋቂው «ድንቅ ባህላችን» ይላል። ባለሥልጣን ከጥላ ሥር ተቀምጦ ያጨበጭባል። ስድቡ ግን የለም! አጥንቱን አውጥተው ቆዳውን ገለባ ሞሉት። ድሀ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲኖር ቀና የሚልባት አንዲት ከሰዓት በኋላ ነበረችው። እሷን የቀማ ሰው መሬት ከቀማው ይብሳል። መሬቱን የቀማው ቢያንስ ስንት ጥማድ እንደወሰደ ይታወቃል። እኔ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለይቻለሁ፤ ሹም ሲሾም ምን ሠራ ብዬ አልጠይቅም፣ ሲሰደብ ምን አደረገ ብዬ ነው የምጠይቀው።

አሁን ቀሪውን ልንገራችሁ። በቀጣዩ ዓመት ለገና ከቆላ ወጥቼ መጣሁ። ታች ሠፈር ደግመን አሸነፍን። ተሰለፍን። ሊቀመንበሩ ካፖርቱን ደርቦ አግዳሚው ላይ ነው። ደምሴ ከኋላው ቆሟል፤ በዚያ ዓመት አልተጫወተም። ዱላችንን በትከሻችን አድርገን ቆምን፤ ማንም አፉን አልከፈተም። አንዳንዱ ጋቢውን እያስተካከለ ወደ ቤቱ ማዝገም ጀመረ።

ጋሽ ወልዴ፣ ተሸናፊው፣ መሐል ሜዳ ላይ ብቻቸውን ቀርተው ይጠብቃሉ።

«ምነው? አሸንፋችሁ የለም እንዴ?»

መልስ የለም።

«ስደቡኛ! ሳልሰደብ ቤቴ አልገባም!»

ጋሽ ወልዴ ወደ እኛ አዩ፣ ወደ አግዳሚው አዩ። ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በዚያ ከማዶ በሚሰማ ድምፅ፣ ራሳቸውን መስደብ ጀመሩ።

«የላይ ሠፈር አለቃ፣ ምንድን ነው ሕመሙ?»

ቆሙ። የሚቀበላቸውን ጠበቁ። ከእኛ ውስጥ የሚቀበል ጠፋ። ከሰዉ ጀርባ ግን አንድ ያረጀ ድምፅ ተነሣ። አባባ ነው፤ ከዚያ እሑድ ወዲህ ጨፌን ረግጦ አያውቅም ነበር።

«ሩሯ ወዲያ ስትሄድ ወዲህ ነው ቅልጥሙ!»

ሜዳው ጮኸ። ጋሽ ወልዴ እያነቡ ሳቁ። ሊቀመንበሩም ስድቡ የእሱ ባለመሆኑ ቀለል ብሎት አጨበጨበ። አባባ ወደ እኔ ዞረ።

«አንተስ? ያንተዋ ጥሩ ናት ብዬህ አልነበረም?»

አወረድኳት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ገደሉንም ሜዳውንም። ሁለቱም ሠፈር ተቀበለኝ፤ ከአግዳሚው ኋላ የቆመው የደምሴ ከንፈርም ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የሊቀመንበሩ እጆች ማጨብጨባቸውን ትተው አየር ላይ ቀሩ። ዓይኑን ወደ አባባ፣ ከአባባ ደግሞ ወደ መስመሩ ድንጋይ ወረወረ።

አባባ ገባው። ቀስ ብሎ ወደ ድንጋዩ ሄደ፣ ጋቢውን ሰበሰበና ተቀመጠበት።